ጥድ አያስልም

በሰባት ዓመቴ አባቴ ውሽማ እንዳለው አውቅ ነበር። ሩቅ አልነበረችም፤ እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ በእንግዳ ክፍሉ መስኮት ሥር በተቀመጠው ግራሞፎን ውስጥ ትኖር ነበር።

ይህን ያወቅሁት ከእናቴ አፍ ነው። ለእኔ ብላ አልተናገረችውም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ለእኔ ያልተባለውን ሁሉ ለቅሜ የማስቀምጥ ልጅ ነበርኩ። ቅዳሜ ከእራት በኋላ አባቴ እጁን ይታጠብና ሸክላውን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ መርፌውን ያሳርፍበታል። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «ደግሞ ያቺን ውሽማህን ቀሰቀስካት?» ትለዋለች። እሱም «ምን ላድርግ፣ አንቺ አትዘፍኝልኝ» ይላታል። ከዚያ ሴትዮዋ ጉንፋን በያዘው ድምፅ፣ ማናችንም በማንሰማው ቋንቋ ታንጎዋን ታንቆረቁራለች። አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል። እናቴ ሳህን ታንኳኳለች። እኔ ምድጃው አጠገብ የማገዶ ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ ለእናቴ አዝናለሁ። በሰው ቤት፣ የሰው ባል ፊት እንዲህ የምትዘፍን ሴት ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ናት እያልኩ እናደድ ነበር።

በኖርዌይ ቴሌማርክ፣ በእኛ ሸለቆ፣ ሰው በእግሩ ከመሄዱ በፊት በስኪ፣ እግር ሥር በሚታሰር ረጅም ጣውላ፣ በረዶ ላይ ይንሸራተታል ይባላል። ውሸት ነው፤ ግን ብዙም የራቀ ውሸት አይደለም። ሴቶቻችን በበረዶ ወራት ወተት የሚያደርሱት በስኪ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በስኪ፣ ምጥ የያዛት ጎረቤት ዘንድ የሚደርሱት በስኪ ነበር። ውድድር ሲሆን ግን ዳር ቆመው ሾርባ ያማስላሉ። ተራራውን አቋርጦ ማዶ ሸለቆ የሚደርሰው የሠላሳ ኪሎሜትር ውድድር የወንዶች ብቻ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሴቶቹ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበው እኛም እንወዳደራለን አሉ። የስኪ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ስቬኑንግ ተነሡ። አቶ ስቬኑንግ ባለ ሱቅ ናቸው። በወጣትነታቸው በተራራው ውድድር ደጋግመው አሸንፈው፣ በመጨረሻው ወድቀው ዳሌያቸውን ስለሰበሩ የአጋዘን ቀንድ እጀታ ያለው ዱላ ተደግፈው ነው የሚሄዱት። ያለዚያ ዱላ አንድ እርምጃ አይራመዱም።

«ሴት ልጅ በዚያ ብርድ ያን ያህል መንገድ ብትሄድ ውስጧ ይናጋል» አሉ።

«በጋውን ሙሉ ወተት ተሸክመን ከተራራ ስንወርድስ ውስጡ የሚናጋው የማን ነው?» አለች ቦርግሂልድ። ቦርግሂልድ የመንደሩ ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የሁሉንም ሰው ገመና ስለምታውቅ ሁሉም ይፈራታል።

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ዱላቸውን ወለሉ ላይ ኳ አድርገው ፍርዳቸውን ሰጡ። ውድድሩ አንድ ጊዜ ይፈቀዳል። ነገር ግን ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ በረዶ ላይ የሚንሸራተት የፈረስ ጋሪ ይከተላል። ደክሟትም ሆነ ወድቃ አንዲት ሴት እንኳ ጋሪው ላይ ከወጣች፣ የሴቶች ውድድር የሚባል ነገር በዚህ ሸለቆ ዳግም አይነሣም።

«ጋሪውን እኔ እነዳለሁ» አለ አባቴ ሃልቮር፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የእኔ ብላካ ተራራውን ያውቀዋል።»

ብላካ ፈረሳችን ነው። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አባቴን ሾርባ ውስጥ የተፋ ሰው ይመስል አዩት። እናቴ ጉንቮር አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዚያን ዕለት ከተኛሁ በኋላ ከግድግዳው ማዶ በትራስ የታፈነ ድምፅ ሰማሁና እናቴ እያለቀሰች መሰለኝ። አባቴን እስኪነጋ ጠላሁት።

ለቅሶ አልነበረም። ይህ የገባኝ እኔም በተራዬ አግብቼ፣ በትራስ የሚታፈን ሳቅ እንዳለ ከተማርኩ በኋላ ነው። ጋሪውን ማን ይንዳ የሚለውን ሁለቱ ከስብሰባው በፊት ላም ሲያልቡ ተመካክረውበት ኖሯል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ጦርነት እንዳለ፣ የጦርነቱም መነሻ ያቺ የግራሞፎን ሴትዮ እንደሆነች አመንኩ። የእናቴ ወታደር ሆኜም ተመዘገብኩ።

አሁን ስለ ሰሙ ላውራ፤ ያለ እሱ ነገሩ ሁሉ አይገባም። ስኪ ከሥሩ ሰም ይቀባል። ጥሩ ሰም ሲረግጡት በረዶውን ይይዛል፣ ሲለቁት ያንሸራትታል። መጥፎ ሰም ደግሞ በረዶ እየጠቀለለ ሰውን ከፍ ባለ ጫማ እንደቆመች ሙሽራ ያደርገዋል። ዛሬ ሁሉም በትንንሽ ቆርቆሮ ከሱቅ ይገዛል። ያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይቀቅላል፤ አቀቃቀሉም ከአባት ለወንድ ልጅ እንጂ ለሴት አይነገርም። ሴት ታገባና ምስጢሩን ይዛ ሌላ ቤት ትገባለች ይሉ ነበር። ሰማዩ ይዝነብ ወይስ በረዶ ይጣል ብሎ በሚያመነታበት ቀን ደግሞ እንደ አባቴ ቤት ሰም ያለ አልነበረም። አያቴ ሊሞት ሲል ለማንም ሴት እንዳይናገር አስምሎታል።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን አየሩ ለሰስ አለና ከጣሪያው በረዶ ይንጠባጠብ ጀመር። እናቴ ትልቁን ብረት ድስት ጣደች። ቤቱ እየሞቀ የወጥ ቤቱን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። አባቴ ከመስኮቱ ሥር፣ ውጭ፣ ብላካን በብሩሽ ያሻሻል። እኔ ማገዶ ሣጥኔ ላይ ነኝ።

«እንግዲህ ብላካ» አለ አባቴ፣ መንደሩ የሚሰማ በሚመስል ድምፅ፣ «እኔ አንተን ብሆን ቅጥራኑን በቀስታ ነበር የማሞቀው። ከፈላ አለቀለት።»

እናቴ ድስቱን ከእሳቱ ገፋ አደረገችው።

«ከዚያ የሻማ ስብርባሪ፣ አንድ ጭብጥ። ያንተ ጭብጥ አይደለም፣ አንተማ ኮቴ ነው ያለህ። የሴት ጭብጥ። እሷም እጇ ትንሽ የሆነች ሴት።»

እናቴ የራሷን እጅ አየችና አንድ ጭብጥ ጨመረች።

«ከዚያ ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ደቆ የተቆረጠ። ይሸታል ብላካ፣ አፍንጫህን ያዝ።»

በእርግጥም ሸተተ። ድመቷ እግሬ አውጭኝ ብላ ወጣች። እኔ ግን ያሳሰበኝ ሽታው አልነበረም። አባቴ አብዷል። ሰው ለፈረስ የወጥ አሠራር ሲያስተምር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ፈረሱ ራሱ ግራ ገብቶት ጆሮውን ያርገበግብ ነበር።

የማለው ለማንም ሴት ላይናገር ነው። ብላካ ወንድ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ መሐላዬን አላፈረስኩም ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይከራከር ነበር።

ከዚያ ውጭ ያለው ብሩሽ ቆመ። «ከዚያ…» አለ አባቴ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ከዚያ ሸክላ ነው። የግራሞፎን ሸክላ።»

የእናቴ ማማሰያም ቆመ። ወደ ውጭ ሳታይ፣ ለምድጃው እንደምታወራ ሆና «የትኛው ሸክላ?» አለች።

«የትኛው ትለኛለህ ብላካ? ቤት ውስጥ ያለው ሁለት ነው። አንዱ የእናቴ መዝሙር ነው። እሱን ያቀለጥን እንደሆነ ከመቃብሯ ተነሥታ ትመጣብናለች።»

«ሌላ የሚተካው ነገር የለም?»

«የለም፣ ብላካዬ። አባቴ ከዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነበር የሚጨምረው፤ በሸክላ ከተካሁት ወዲህ ነው የእኔ ሰም የታወቀው። ያለ እሱ እርጥብ በረዶ ላይ ተራራውን አይዘልቅም።»

እናቴ ድስቱ ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ ወደ እንግዳ ክፍሉ ገባችና የአባቴን ውሽማ ይዛ መጣች። በፎጣ ጠቀለለቻት፤ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ መዶሻ አነሣች። አንዴ መታች። ቆማ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ደግማ መታች፣ ደግማ፣ ደግማ። ስብርባሪዋን ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። እኔ በፍርሃትና በደስታ እግሬን ማገዶ ሣጥኑ ላይ እጠፈጥፍ ነበር። እናቴ አሸነፈች። ጠላቷን ቀቀለቻት።

በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ አባቴ ግንባሩን የብላካ አንገት ላይ አስደግፎ ቆሟል። ሐዘን ላይ ነው ብዬ ነበር። በዚህስ አልተሳሳትኩም።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሴቶቹ ስኪያቸውን እየታቀፉ አንድ በአንድ ወደ ላሞቻችን በረት መጡ። ሃያ አይሞሉም። እናቴ በብረት ድስቱ ላይ አጎንብሳ ለእያንዳንዷ በአውራ ጣቷ እየጠፈጠፈች ቀባችላቸው። «ከየት አመጣችሁት ካሉዋችሁ ከፈረስ ነው በሉ» አለቻቸው። በረቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ላሞቹ ወተት የሚከለክሉ ይመስለኝ ነበር። አባቴ እዚያው በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ብላካን ይጭናል፤ ምንም እንደማይሰማ ሰው ያፏጫል። የሚያፏጨው ያንኑ ታንጎ ነው። ለሟች እየዘመረ መሰለኝ።

መነሻው ላይ የሊጥ ያህል የከበደ እርጥብ በረዶ ይወርድ ጀመር። አቶ ስቬኑንግ ጋሪው ላይ በበግ ቆዳ ተጠቅልለው፣ መነጽራቸውን ሰክተው ተቀምጠዋል። እኔ ጋሪው ላይ ስወጣ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ትሠራለች?»

«ለማን ልተዋት?» አለ አባቴ። «እናቷ ውድድር ላይ ናት። ለወይዘሮ ኢንገቦር እንዳልሰጣት እሳቸውም ውድድር ላይ ናቸው።»

ወይዘሮ ኢንገቦር የሊቀመንበሩ ሚስት ናቸው። ሊቀመንበሩ ዞረው ሲያዩ ባለቤታቸው፣ እኚያ ሱቅ ስገባ ከረሜላ የሚያጎርሱኝ ወፍራም ደግ ሴት፣ ስኪያቸውን አሥረው ከሴቶቹ ኋላ ቆመዋል።

«ኢንገቦር! ይሄ ምን ቀልድ ነው?»

«ቀልድ አይደለም፣ ሱሪ ነው» አሉ ወይዘሮ ኢንገቦር። «ያንተው ሱሪ። ወገቡ ጠበበኝ።»

ደወሉ ተደወለ። ሴቶቹ ተነሡ። አቶ ስቬኑንግ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው አንቀው ያዙ።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ያየሁትን ሳስታውስ ዛሬም ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። የመንደሩ ወንዶች ሚስቶቻቸውን ሊያዩ፣ ማለቴ ሲወድቁ ሊያዩ፣ በስኪ ወጥተው ነበር። በየቤታቸው ሰም ሥር እርጥቡ በረዶ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ሁሉም ክንድ የሚያህል ከፍታ ላይ ተሰቅለው፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አቅቷቸው ደን መሐል ተገትረዋል። ሴቶቹ በመሐላቸው እንደ ቅቤ ይንሸራተታሉ። ቦርግሂልድ የምታልፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራች «እንደምን አደርክ፣ ስልክ አለህ፣ ከተራራው ጫፍ ነው የሚደወልልህ» ትላለች። እናቴ ከኋላዋ በቀይ የአንገት ልብስ። ወይዘሮ ኢንገቦር ከሁሉም ኋላ፣ እያሳላቸው፣ ግን ሳይቆሙ።

«ይሄ ጉድ ነው» አሉ አቶ ስቬኑንግ። «ምን ቢቀቡ ነው?»

የጠየቁት አባቴን ነበር፤ እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። «እናቴ የአባቴን ውሽማ ቀቅላ ቀባቻት» አልኳቸው።

አቶ ስቬኑንግ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በዝግታ ወደ አባቴ። አባቴ የብላካን ጅራት አተኩሮ ያያል። ጆሮው በርበሬ መስሏል።

«ጮክ ብላ አልሞተችም» ብዬ ጨመርኩ፣ እንዳይጨነቁ።

አባቴ ልጓሙን ስቦ ብላካን አፈጠነው።

ደኑ አልቆ ራቁቱን ተራራ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ከሰሜን ዞረ። እርጥቡ በረዶ በአንድ ጊዜ መርፌ ሆነ። ሰማይና መሬት አንድ ሆኑ። በየቦታው ነፋስ ያጎበጣቸው የጥድ ቁጥቋጦዎች ብቻ ነጭ ተሸፍነው ሰው መስለው ይታያሉ። የሴቶቹ መንገድ ወዲያው ወዲያው በበረዶ ይደፈናል። የአቶ ስቬኑንግ መነጽር ላይ ውርጭ ተጋገረበት፤ ቢጠርጉት ይመለሳል፤ ቢያወልቁት ደግሞ ያለ እሱ የራሳቸውን ጉልበት አያዩም።

«ሃልቮር፣ የወደቀች አለች?»

«ልይ፣ ቀድሜ ልይ» አለና አባቴ ብላካን ከመንገዱ አውጥቶ ሴቶቹን በጎን አለፋቸው። ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ አሳፈረኝ። ፈረሱን ደረቱ ድረስ በሚያሰምጥ በረዶ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ነዳው፤ መለሰው፤ ደግሞ በዚያው ነዳው። ያንኑ ቦታ። ቢያንስ ብላካ ተራራውን ያውቀዋል ተብሎ ነበር፤ ጌታው ግን እንደጠፋ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። ፈረሱ ላቡ እየተነነ፣ ጋሪው በረዶውን እየጠቀጠቀ፣ ከኋላችን እንደ ቦይ ያለ መንገድ ይቀር ነበር።

በዚያ ቦይ ውስጥ መጀመሪያ ቦርግሂልድ፣ ቀጥላ እናቴ መጣች። ቅንድቧ ነጭ ሆኗል። ደስታዬ ገንፍሎ «እማዬ! እማዬ እዚያ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ማናት? የታለች?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጥድ ነው» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ቀይ የአንገት ልብስ አላት እኮ!»

«ቀይ ጥድ አለ እንዴ?» አሉ አቶ ስቬኑንግ።

«ውርጭ የመታው ጥድ ይቀላል» አለ አባቴ ረጋ ብሎ።

እናቴ ከጋሪው አንድ ክንድ ርቃ ስታልፍ አባቴን አይታ ምላሷን አወጣችበት። ጥላቻ ነው ብዬ ተረጎምኩት። የአባቴም ነገር ተገለጠልኝ፤ ሐዘኑ ዓይኑን አጥፍቶታል። ሚስቱን ከቁጥቋጦ መለየት አቅቶታል። እንግዲህ ዓይነ ስውር ከሆነ እናቴን ሊይዛት አይችልም፤ እኔ ዝም ካልኩ ሁሉም ያመልጣሉ። የእናቴ ወታደር አይደለሁ!

«አንቺስ ልጄ? ያንቺ ዓይን ጥሩ ነው» አሉኝ አቶ ስቬኑንግ። «ምን ይታይሻል?»

ከፊታችን ሦስት ሴቶች፣ አንዷ የሌላዋን ወገብ እየገፋች፣ እየሳቁ ያልፋሉ።

«ጥድ» አልኩ። «ብዙ ጥድ።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ጺሙ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። እኔ እሱን እንዳታለልኩት እርግጠኛ ሆኜ ልቤ በኩራት አብጦ ነበር። ለዓመታት ትምህርት ቤት ውስጥ ውድድሩን ያዳንኩት እኔ ነኝ፣ አባቴን ጉድ ሠርቼው እያልኩ አወራሁ። አንድ ጋሪ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ለአንዲት ሴት ብለን፣ አንዳችን ከሌላው ተደብቀን አንድ ዓይነት ውሸት እንደዋሸን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያ ሁሉ ወዲያ ወዲህም ሊቀመንበሩ ሳያውቁ ለሴቶቹ መንገድ መጥረግ ነበር።

ሁሉም አለፉ። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ተራራው አናት ላይ ደረስን። ከነጩ ውስጥ ሳል ተሰማ።

«ማነው?» አሉ አቶ ስቬኑንግ።

አባቴ ልጓሙን ላላ አደረገ። «ጥድ ነው» አለ። ግን ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ጥድ አያስልም» አሉ ሊቀመንበሩ። «ያንን ሳል ሠላሳ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ። አቁም።»

ጋሪው ቆመ። ወይዘሮ ኢንገቦር በረዶ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስኪያቸው ከእግራቸው አልወለቀም፤ በረዶውን ከሚገፉባቸው ሁለት ምርኩዞቻቸው አንዱ ተሰብሮ ጎናቸው ወድቋል። ባላቸው ዱላቸውን ተደግፈው፣ እያነከሱ ወረዱና ፊታቸው ቆሙ። አለቀ። ይጭኗቸዋል፤ የእናቴም ሆነ የሁሉም ልፋት ውኃ በላው።

«ስቬኑንግ» አሉ ወይዘሮ ኢንገቦር። አላለቀሱም። «ልትወስደኝ ነው?»

ነፋሱ የበግ ቆዳቸውን ያርገፈግፋል። ጎንበስ ብለው የሚስታቸውን ፊት በጓንታቸው ከበረዶ ጠረጉ፣ ቀስ ብለው፣ ጉንጫቸውን፣ ከዚያ አገጫቸውን። ምን እንደሆነ ለማወቅ በእጃቸው እየዳሰሱ መሰለኝ። ከዚያ የአጋዘን ቀንድ እጀታ ያለውን ዱላ በረዶው ላይ፣ ልክ ሚስታቸው እጅ አጠገብ ተከሉት። ዱላ የሌላቸው ሰው በሁለት እጃቸው ጋሪውን እየያዙ፣ እየተንገዳገዱ ተመልሰው ወጡ።

«ጥድ ነው፣ ሃልቮር» አሉ። «ተሳስቼ ነው። ንዳው።»

ገርሞኝ ሞትኩ። የገዛ ሚስታቸውን ፊት ዳብሰው ያላወቁ ሰው! መነጽር እንዲህ ያደርጋል ብዬ ከዚያ ወዲህ መነጽር የሚያደርግ ሰው ሁሉ ያሳዝነኝ ነበር። አባቴ ልጓሙን አነሣ። ያንን የታወቀ ቦይ በቀስታ፣ በጥልቁ እየሰነጠቀ ቁልቁል ያዘ። ሊቀመንበሩ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው፣ ምንም የማያዩበትን መነጽር ሰክተው፣ መንገዱን ሙሉ ያዳምጡ ነበር።

ማዶ ሸለቆ መድረሻው ላይ የዚያ ሸለቆ ወንዶች ያበሰሉት የአተር ሾርባ አርሮ ይጨሳል። ቦርግሂልድ አንደኛ ወጥታለች፤ እናቴ ሁለተኛ። ከወይዘሮ ኢንገቦር በቀር ሌሎቹም ሁሉ ገብተዋል። ጋሪው ሲደርስ ግን ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ በበግ ቆዳ ሥር አንድ ጉብ ያለ ነገር ይታያል። እናቴ ስኪዋን ሳታወልቅ መጣች። ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር። ቆዳውን ገለጠችው።

አቶ ስቬኑንግ ጉንጫቸው በረዶ፣ ጺማቸው በረዶ ሆነው ብቅ አሉ። ሊነሡ ሞከሩ፤ ያለ ዱላ አልሆነላቸውም። ሁለት ሴቶች በብብታቸው ይዘው፣ እንደ ሕፃን አንሥተው አወረዷቸው።

«ዘንድሮ በጋሪ የተነሣ አንድ ብቻ ነው» አለች ቦርግሂልድ። «ወንዶች ለከርሞ ቤታቸው ቢቀመጡ ይሻላል፤ ውስጣቸው ይናጋል።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። አቶ ስቬኑንግ የሾርባውን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዘው ወደ ተራራው ያያሉ። የቀረበላቸው ሾርባ ቀዘቀዘ። አባቴ ብላካን ወደ ተራራው ማዞር ጀመረ። ሳቁ አንድ በአንድ ቆመ።

መጀመሪያ የመጣው ሳሉ ነው። ከዚያ ነጩን ቀዶ የወጣ የአጋዘን ቀንድ። ከዚያ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ዱላ የያዙ፣ ሱሪያቸው የጠበባቸው ወይዘሮ ኢንገቦር። ማንንም ሳያዩ መድረሻውን አለፉና ቀጥ ብለው ባላቸው ፊት ሄደው ቆሙ።

«ይሄን መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» አሉና ዱላውን ዘረጉላቸው።

«የማን ይሆን?» አሉ አቶ ስቬኑንግ። አፋቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከብርድ ነው ብዬ ነበር። ዱላውን ተቀብለው ቀና ብለው ቆሙና እንደ ሊቀመንበር ጮክ ብለው ተናገሩ፦ «ጋሪው ያነሣት ሴት የለችም። ለከርሞ በዚሁ ሰዓት።»

የጩኸቱ ብዛት ብላካን አስደነበረው።

ማታ በዚያው ሸለቆ አዳራሽ ጭፈራ ነበር። አባቴ መሐል ወለል ላይ ቆሞ እናቴን በእጁ ጠራት። ሙዚቃው ገና አልተጀመረም ነበር። ያንን ታንጎ በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ፤ እናቴ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላ አብራው ዞረች። ለሟቿ ይቅርታ አድርጋላታለች ብዬ ደነቀኝ።

ውሽማ አልነበረችም። አባቴ ሸክላውን ከአንድ መርከበኛ የገዛው፣ እናቴን በዚያ ዘፈን የመጀመሪያ ጊዜ አቅፎ በጨፈረ ማግስት ነው። ግራሞፎን እንኳ አልነበረውም፤ ሸክላው ያለ መሣሪያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ያንን ነው በብላካ ስም ለድስቱ የሰጠው፣ ያንን ነው እናቴ በመዶሻ የሰበረችው። ሌላ ሸክላ ገዝተው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘፍነው አባቴ ነበር፣ አፍንጫው የተደፈነ መስሎ፤ እናቴም ሳህን እያንኳኳች «ውሽማህ ድምፅዋ ተበላሸ» ትለዋለች።

አባቴ በስተርጅናው ዓይኑ በእውነት ጠፋ። በመጨረሻው የበረዶ ወር አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ እናቴ ከውጭ ገባች፤ ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ስኪዋን በር ላይ አቁማ፣ ያ ቀይ የአንገት ልብስ አንገቷ ላይ። አልጋው ግርጌ ቆመች።

«ሃልቮር፣ እታይሃለሁ?»

አባቴ ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። «ጥድ ነው የሚታየኝ» አለ። «ቀይ።»

እናቴ ሄዳ ከነበረዷ አጎነበሰችና ጉንጩን ሳመችው። «ጥድ ይስማል እንዴ?» አለችው።

«ይቺኛዋስ ትስማለች» አለ አባቴ።